ዓይኔ ውስጥ የዛገው ቧንቧ

ይህን የምጽፈው አዝኑልኝ ብዬ አይደለም። የሚያዝንልኝ ሰው ሞልቶኝ ነበር፤ አንዱም አልረባኝም። የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ሐኪም ፊት ቀርቦ ያልሆነውን «ሆኜ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው የአያቱን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «አንድ ቀን አጮኸዋለሁ» እያለ የሚፎክር ጀግና ነው። ስሙኝ። ካልሰማችሁ የራሳችሁ ጉዳይ፣ እኔ ተናግሬያለሁ።

ስሜ ሮማን ነው። መኪና መንዳት አስተምራለሁ። በዚያን ጊዜ ሴት አስተማሪ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ኦሎምፒያ መብራት ላይ ተማሪዬ ሞተር ሲያጠፋብኝ የታክሲ ረዳቶች በመስኮት ብቅ ብለው «እናት፣ ወጡ አረረ!» ይሉኝ ነበር። እኔም የሚገባቸውን መልስ ሰጥቼ ነው የማልፈው። ይሄን የምነግራችሁ አፍ የሌለኝ ሴት እንዳልሆንኩ እንድታውቁ ነው። አፍ እያለኝ ነው ዝም ያልኩት፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

የባለቤቴ የታደለ አባት፣ አባባ ደስታ፣ ከሰሜን ሸዋ መጥተው ካዛንቺስ የከተሙ ሰው ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ባሩዱን በአፉ የሚጎርስ፣ ከላይ በዘንግ የሚጠቀጠቅ ዓይነት። «ቆመህ ጠብቀኝ» ነው የሚሉት። አንዴ ተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ጠላትን «እባክህ ቆመህ ጠብቀኝ» ማለት ነው እንግዲህ። አባባ ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። ጠመንጃውን ግን አይቀልዱበትም። ከተኮሱ በኋላ አፈሙዙን በፈላ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀብተው ነው የሚያስቀምጡት። «ባሩድ የቀመሰ ብረት ካልታጠበ ከውስጥ ይበላል ልጄ። ላዩ ያብረቀርቅና ውስጡ ወንፊት ይሆናል» ይሉኝ ነበር። ሌላም ነገር ብለውኛል፤ አዲስ አፈሙዝ በሰው እጅ አይሞከርም። ግንድ ላይ ይታሰርና፣ ሰው ሁሉ ግንብ ኋላ ገብቶ፣ ቃታው በረጅም ገመድ ይሳባል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ይታያል፣ ይዳሰሳል። ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ለማረሻ ይሰጣል።

አባባ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ጠመንጃውን የሚያጥበው ጠፋ። እሳቸው ሲያርፉ አፈሙዙ ውስጡ ዝጎ ነበር። ይኼኔ የታደለ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዘውዱ «ለአባቴ አርባ አሳምሬ አጮኸዋለሁ» ብሎ ወሰደው። ጋሼ ዘውዱ ላንቻ አካባቢ ቶርኖ ቤት አለው፤ የበር ማጠፊያ፣ የወፍጮ ዘንግ፣ ምናምን ይሠራል። እጁ ጥሩ ነው ይባላል። ምላሱ ግን ከእጁ ይበልጣል።

የአርባው ዕለት ግቢያችን ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ጋሼ ዘውዱ ጠመንጃውን ይዞ ብቅ አለ። አፈሙዙ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ብረት ትንሽ ትንሽ ስለማውቅ ጠጋ ብዬ አየሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ የድሮው ነው እንዴ?»

«የድሮውማ ዝገት በልቶታል። ቀየርኩት።»

«በምን ቀየሩት?»

«በብረት ነዋ! በሸንኮራ ልቀይረው ኖሯል?» ወንዶቹ ሳቁ።

«ተሞክሯል ወይ? አባባ ግንድ ላይ ታስሮ ነው የሚሞከረው ይሉ ነበር።»

«ሮማን፣ አንቺ ፍሬንሽን ያዢ። ጥይት የለውም፤ ባሩድ ብቻ ነው። ድምፅ ነው በቃ።»

በቀኙ በኩል ቆሜ ነበር። ባሩዱን ገለበጠ፣ ጨርቅ ጎሰጎሰ፣ ጠቀጠቀ። አንድ ሰው «ትንሽ ጨምርበት፣ ለአባባ ደስታ አይሰሰትም!» አለ፤ ጨመረ። ከዚያ ቃታውን ሳበ።

ጆሮዬ ጭው አለ። ጭሱ ሲገለጥ አፈሙዙ ጎኑ ተከፍቷል፣ የድንኳኑ ሸራ ተተርትሯል፣ የጋሼ ዘውዱ እጅ ተለብልቧል። እኔ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር የገባች መሰለኝ፤ በቃ ያን ያህል ነው። ደም እንኳ ጠብ አላለም። የጋሼ ዘውዱ የመጀመሪያ ቃል ግን «ማን ተጎዳ?» አልነበረም። «በሩን ዝጉት!» ነበር ያለው።

በሩ ተዘጋ። ከተማ ውስጥ መተኮስ ያሳስራል፣ በፈቃድ ያልተያዘ መሣሪያ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለመንደሩ «የመኪና ጎማ ፈንድቶ ነው» ተባለ። እኔ ዓይኔን ይዤ ቆሜያለሁ፣ እነሱ እዚያው ስብሰባ ተቀምጠዋል። ጋሼ ዘውዱ ወደ እኔና ወደ ታደለ ዞረና፣ «ሐኪም ቤት ፕሬዠር ድስት ነው የፈነዳው ትላላችሁ። ገበናችን ነው፤ ከዚህ ግቢ አይወጣም። የአባታችን ነፍስ ሳትረጋ ልጃቸው እስር ቤት ይግባ?» አለ። ታደለን አየሁት። ታደለ መሬት መሬት ያያል። እንዴ! ሚስትህ እኮ ነኝ!

ካዛንቺስ ያለው ክሊኒክ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ። «ምን ነካሽ?» ሲለኝ ታደለ ቀድሞኝ መለሰ፣ «ፕሬዠር ድስት ፈንድቶባት ነው።» «ከድስቱ የተፈናጠረ ብረት አለ?» አለ ሐኪሙ። «የለም፣ እንፋሎቱ ነው» አለ ታደለ። አፌን ስከፍት እግሬን በእግሩ ተጫነኝ። ዓይኔ ታጠበ፣ ጠብታ ታዘዘልኝ፣ ወደ ቤት። ቅላቱ ወዲያው ጠፋ። ቤተሰቡ ሁሉ «ተመስገን!» አለ፤ የሚያመሰግኑት ለማን ዓይን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከተማሪዬ ጋር ከባምቢስ ወደ ላይ እየወጣን፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው መንገድ ገባ። እኔ አላየሁትም። ልጁ ራሱ ፍሬን ያዘ። እኔም ጋ በእግሬ ሥር ፍሬን አለ፤ የእኔ ፍሬን የተሠራው ተማሪው ያላየውን እኔ እንዳይ ነው።

«ቲቸር፣ አላዩትም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ። አንተን ልፈትን ብዬ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀኝ ዓይኔ አብሯት ይጠልቅ ጀመር። በመስታወት ሳየው ሌላ ጉድ! ግራው ጥቁር ነው፤ ቀኙ የቀጠነ ሻይ መስሏል። ብሌኑም ብርሃን ሲያርፍበት አይጠብም፤ ተከፍቶ የቀረ በር ነው የሚመስለው። ጎረቤቴ «ሚች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አመጣችልኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ «አለርጂ ነው፣ አቧራ ተጠንቀቂ» አለኝ። በመንገድ ሥራ የተቆፋፈረ ከተማ ውስጥ መኪና ለማስተምር ሴት! ሦስተኛው «ዳፍንት ነው፤ የቫይታሚን እጥረት» ብሎ ካሮትና ጉበት አዘዘልኝ። ካሮት ስበላ ጥንቸል ልሆን ምንም አልቀረኝም። ሐኪሞቹን አልረግማቸውም፤ ዛሬም አልረግማቸውም። ሁሉም «ምን መትቶሽ ነበር?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ሁሉም ስለ ድስት ነው የሰሙት። ድስት ከተነገረው ሐኪም ምን ይጠበቃል?

የወረፋውን ነገርማ ተዉት። ጠዋት ሄዶ እስከ ቀትር አግዳሚ ላይ መቀመጥ፣ ሲጠሩ ደግሞ «ካርድሽ ጠፍቷል፣ ነገ ነይ»። ብርሃን ዓይኔን ይወጋኝ ስለነበር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምቀመጠው። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ ነፊሳ የሚባሉ ትልቅ ሴት፣ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ፣ ሳልለምናቸው የሻርፓቸውን ጫፍ ዘርግተው ከመስኮቱ ፀሐይ ከለሉኝ። እጃቸው እየዛለ እንኳ አላወረዱትም።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ድስት ፈንድቶብኝ ነው እማማ።»

ጉንጬን አዩት፣ ግንባሬን አዩት፣ ደረቴን አዩት። «የምን ድስት ነው አንዲት ዓይን ብቻ መርጦ የሚመታ?» አሉ። ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ግን አለቀስኩ። ዳቧቸውን ቆርሰው ሰጡኝና ሁለተኛ አልጠየቁኝም። አላህ ይስጣቸው።

ቤት ስገባ ታደለን ያዝኩት። «ነገ ለሐኪሙ እውነቱን እነግረዋለሁ» አልኩ። «ወንድሜ ነው ሮማን፤ ልጆች አሉት፤ ከታሰረ ቶርኖ ቤቱ ይዘጋል» አለኝ። «የኔ ዓይን ሲዘጋስ?» ስለው ተነስቶ ወጣ። በነጋታውም እነዚያን ልጆች አስቤ ያንኑ ድስት ደገምኩ። ጋሼ ዘውዱ ራሱ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ ይመጣ ነበር። ምን እያለ እንደሚገባ ታውቃላችሁ? «እህሳ፣ እንዴት ነው ድስትሽ?» ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። የኔን አጥር የነቀነቁት ባሌን አይተው ነው።

ራስ ምታቱ ሲጠናብኝ አንድ ሐኪም ሁለቱ ብሌኖቼ አለመመጣጠናቸውን አይቶ ደነገጠ። «ጭንቅላት ውስጥ ዕጢ ሊኖር ስለሚችል ኤምአርአይ መነሳት አለብሽ» አለኝ። ዕጢ! የዚያን ሰሞን ሌሊቶች አትጠይቁኝ። ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ በቀኙ የኮርኒሱን አምፖል እፈልጋለሁ፤ ይበራ አይበራ እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። ለምርመራው የሠርግ ወርቄን ሸጥኩ። ጋሼ ዘውዱ «እንጸልያለን» አለ።

ኤምአርአይ የምታነሳው ልጅ ቀጭን፣ አረንጓዴ ጋውን የለበሰች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ናት። ጉትቻዬን፣ የፀጉሬን ማስያዣ፣ ሁሉን አስወለቀችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «እህቴ፣ ይሄ ማሽን በጣም ኃይለኛ ማግኔት ነው። ሰውነትዎ ውስጥ ብረት ካለ ይስበዋል። በተለይ ዓይን ውስጥ ከሆነ ዓይኑን ሊቀደው ይችላል። ጥይት ወይም የብረት ፍንጣሪ መትቶዎት ያውቃል?»

ታደለ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሁሉንም ሰምቷል፤ ማግኔት ያለችውን፣ ይቀደዋል ያለችውን።

«የለም» አለ ታደለ።

እግዚኦ! የዚያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ቃል ልንገራችሁ? ፈሪ መሆኑን አውቅ ነበር። ይህን ያህል መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ልጅቷ «እኔ እሳቸውን ነው የምጠይቀው» አለችው፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። እኔም ጮህኩ፤ ኮሪደሩ እስኪሰማ ጮህኩ። «አለ! ጠመንጃ ነው የፈነዳብኝ! ቶርኖ ቤት የታደሰ ጠመንጃ! ድስት የሚባል ነገር የለም! ድስት ኖሮ አያውቅም!»

ልጅቷ ክንዴን ይዛ ከዚያ ክፍል አወጣችኝ፤ በሩንም ኋላችን ዘጋችው። በተራ ራጅ ተነሳሁ። ፊልሙ ላይ፣ በቀኝ ዓይኔ ቦታ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ተቀምጣለች። ይኸው ዕጢው።

የዓይን ቀዶ ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው፤ አይለፈልፉም። «ብረት ዓይን ውስጥ ሲቀር እንደ ማንኛውም ብረት ይዝጋል። ዝገቱ እየሟሟ ዓይኑን ከውስጥ ይመርዘዋል። ቀለሙ የተለወጠው፣ ማታ ማታ ማየት ያቃተሽ ለዚህ ነው። ዓይንሽን የጋረደው ሞራም ከዚሁ የመጣ ነው» አሉኝ። «በዚያው ሰሞን ብመጣስ ኖሮ?» ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ከአሁን የተሻለ ይሆን ነበር» አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ። የደበቁልኝ ግን ሌሎች ናቸው፤ የታመምኩት እኔ።

ብረቱ ወጣ፤ የጉንዳን ራስ አይሞላም። ሞራው ተገፎ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባልኝ። ዛሬ ቀን ቀን በቀኝ ዓይኔ ሰው እለያለሁ፣ ታርጋ ግን አላነብም። ሲመሽ እሱ ዓይን የለም በቃ። አሁን የማስተምረው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ብቻ ነው። ከሥራ በኋላ ይማሩ የነበሩት የቢሮ ሰዎች ሌላ አስተማሪ ያዙ። እንጀራዬ በግማሽ ቀነሰ፤ ቢሆንም ጨርሶ አልጠፋም፤ ለዚህ ተመስገን እላለሁ፣ ይህን ስል ግን ከልቤ ነው።

ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ከአርባው ዕለት ጀምሮ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ተጥሎ የቀረውን አፈሙዝ ማንሳት ነው። ማንም ሊያነሳው አልደፈረም ነበር። አየሁት። ሱሪ በስፌቱ እንደሚተረተር ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተከፍቷል። ጥቁሩን ቀለም ስፍቀው ነጩ የውሃ ቧንቧ ልባስ ብቅ አለ። እናንተ ጠመንጃ ወዳዶች፣ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። የጠመንጃ አፈሙዝ ድፍን ብረት ተወስዶ መሐሉ ተሰርስሮ የሚወጣ ነው። የውሃ ቧንቧ ግን ስስ ላሜራ ተጠቅልሎ ጎኑ የተበየደ ነው፤ ስፌት አለው። ውሃ በቀስታ ይገፋዋል፣ ይችላል። ባሩድ በቅጽበት ነው የሚገፋው፣ በስፌቱ ይቀደዋል። «ጥይት የለውም» ማለት ዋስትና አይደለም፤ ጨርቅ ተጎስጉሶ ከተጠቀጠቀ ባሩዱ መውጫ ያጣል። የኋላው መድፈኛ ደግሞ ብሎን ተበይዶበት ነበር፤ እሱ ለቆ ቢሆን ኖሮ የጋሼ ዘውዱን ግንባር ነበር የሚያገኘው። የአያት ጠመንጃ ካላችሁ ግድግዳው ላይ ይቀመጥ፤ ባሩድ አታጉርሱት። አንድ ሰው «አድሼዋለሁ» ብሎ ካመጣው በምን እንዳደሰው ጠይቁት። ከሳቀባችሁ ከዚያ ቦታ ሂዱ።

ብረቱ ከወጣልኝ ዓመት ሳይሞላ የጋሼ ዘውዱ ልጅ ሜሮን ልታገባ ሆነ። እኔ ከእሱ ጋር መነጋገር ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ቤተሰብ ተኳርፎ ደግሞ ሠርግ አያምርም። ስለዚህ ሽማግሌ ተላከብኝ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎኔ ተቀመጡ፣ ጋሼ ዘውዱ አጠገባቸው፣ ታደለ በር ላይ።

«ልጄ፣» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «የሆነው ሆኗል። ሰይጣን ነው። ይቅር በይውና ሠርጉን አብረን እንብላ።»

«አባቶቼ፣ ሰይጣን ቶርኖ ቤት የለውም» አልኩ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ሠርጉ ላይ ይተኮሳል ወይ?»

ሽማግሌዎቹ ጋሼ ዘውዱን አዩት። እሱም ፈገግ ብሎ፣ «ሙሽራው ሲገባ አንዴ ነው። አሁን ወፍራም ቧንቧ ነው ያደረግኩበት፤ እንዳለፈው አይደለም። አንቺም እኮ ሮማን፣ ስሙ ቆመህ ጠብቀኝ ነው፤ ቆመሽ ጠበቅሽው፣ ምን ይደረግ?» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል መሰል ሳቅ አመለጠው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሼን እርስዎ ነበር የምለው። ታላቅ ነው፣ የባል ወንድም ነው፣ ደንቡ ነው።

«እሺ፣ ይቅር እላለሁ» አልኩት። «ግን አንተ ስትተኩስ ሜሮን በቀኝህ ትቁም። እኔ የቆምኩበት ቦታ፣ ያን ያህል ርቀት ላይ። በቬሎዋ ትቁም። አንተ ቃታውን ሳብ፣ እኔም እዚያው ይቅር እልሃለሁ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ ተይ፣ ነውር ነው!» ማለት ጀመሩ። ጋሼ ዘውዱ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እሷን ተያት!» አለ። «እሷን በዚህ ነገር ውስጥ አታስገቢያት!»

«ለምን? ድምፅ ብቻ አይደል እንዴ?»

ትልቁ ሽማግሌ ጋሼ ዘውዱን ቀና ብለው አዩት፣ ቆይተው አዩት፤ ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ማንም «ይቅር በይው» ብሎ አልደገመልኝም።

ሠርጉ ላይ አልተተኮሰም አሉ። ታደለ ሄዶ ነበር። እኔ አልሄድኩም።